በአሸዋ የታጠበው ኩሽኔታ

ልጅ እያለሁ ዕቃ ማጠብ እጠላ ነበር። ዛሬም እጠላለሁ፤ ምን ይደበቃል። ግን መጥላት ሌላ፣ አለመቻል ሌላ። አሰብ በወረድን በመጀመሪያው ዓመት እማዬ ድስት እንዴት እንደሚፈተግ አስተምራኛለች። ከባሕሩ ዳር ደቃቁን አሸዋ ትዘግኛለሽ፣ ከምድጃው አመድ ትጨምሪበታለሽ፣ በጆንያ ቁራጭ ይዘሽ ፊትሽ እስኪታይበት ድረስ ታሺዋለሽ። «ሴት ልጅ በድስቷ ቂጥ ትታወቃለች» ትለኝ ነበር። እኔ መታወቅ አልፈለግሁም፤ ወደ ባሕሩ መሮጥ ነበር የምፈልገው። ቢሆንም በአሥር ዓመቴ ከሰፈራችን ሴት ልጆች ሁሉ የኔ ድስት ነበር የሚያበራው። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። ቤታችንን ሊያፈርስ ምንም ያልቀረው ይኸው ሙያዬ ስለሆነ ነው።

አባባ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢ የአትክልቱ ኃላፊ ነበር። ከደሴ ተዛውሮ ነው የመጣው። የሰፈራችን ባለ ሱቅ ጋሽ ሰይድ፣ እሳቸውም የወሎ ሰው ናቸው፣ «የአንተ ሥራ ጨው ላይ ጎመን መዝራት ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እውነታቸውን ነው። ግን አባባ ዘራ፣ በቀለለትም። ቴምሩ፣ ሂናው፣ ቲማቲሙ፣ በአጥሩ ጥግ ደግሞ የደሴ ሰው ሲያየው ዓይኑ እንባ የሚያቀርርበት አንድ መደብ ጎመን ነበረው። ያን ሁሉ የሚያጠጣው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ጉድጓድ በሚመጣ ውሃ ነው። ውሃውን የምታመጣው ደግሞ ጣሊያኖቹ ጥለዋት የሄዱ አንዲት አሮጌ የአትክልት ትራክተር ነበረች። የእኔ ዘመን የሰፈራችን ልጆች ታስታውሷታላችሁ። ከበቅሎ እምብዛም አትበልጥም፤ ቀለሟን ጨውና ፀሐይ ልጠውት የቀረው ቅላት ዝገት ይሁን ቀለም አይለይም። «ቀዮ» እንላት ነበር። አራት በርሜል የተጫነበት ጋሪ ትጎትታለች። ሁለቱ በርሜል ለአትክልቱ፣ ሁለቱ ለእኛ ለሠራተኞቹ ሰፈር ነበር። ቀዮ ስትመጣ ሴቶቹ ባልዲያቸውን ይዘው ይሰለፋሉ፤ እኛ ልጆቹ ከኋላ እንንጠለጠላለን፤ አባባ ዞር ብሎ ይሳደባል፤ እኛ አንሰማም።

እንግዲህ የቀዮ የፊት ጎማዎች መዋለል ጀመሩ። በመጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ ቀጥሎ እንደ ሰከረ ሰው እግር ግራና ቀኝ ሲሉ ከሩቅ ይታዩ ጀመር። ጩኸቷ ደግሞ ጥርስ ያስነክሳል። አንድ ሐሙስ የመሥሪያ ቤቱ ሹም አባባን ጠርተው፣ እስከ ሰኞ ጠዋት ካልተንቀሳቀሰች ወደብ ላይ ብረታ ብረት ከሚጭነው ጀልባ ጋር ትሄዳለች፣ አትክልቱም ይቀራል፣ አንተም ወደ መጣህበት ደብዳቤ ይጻፍልሃል አሉት። አባባ ይህን ምሳ ላይ ነገረን። እንጀራው ከእጁ አልወረደም፤ ወደ አፉም አልሄደ።

እኔ እማዬን አየኋት። እማዬ አሰብን አልወደደችውም። ሙቀቱ ሲብስ ነጠላዋን በውሃ ነክራ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርግና «ደሴ ይሄኔ ጉም ወርዶ ይሆናል» ትላለች። ደሴ ስትል አፏ ውስጥ ከረሜላ ያለ ይመስላል። እናቷም፣ እህቶቿም እዚያው ናቸው። በዚያ ምሳ ላይ ግን ደሴን አላነሣችም። እኔ ደግሞ ደሴን አላስታውሳትም ነበር፤ የኔ አገር ባሕሩ፣ ትምህርት ቤቱና የቀዮ ጋሪ ነው። ብንሄድ ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ። በአሥር ዓመት ሰው እንዲያ ያስባል።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ አባባ ይዞኝ ሄደ። በጠዋት ነው የሚሠራው፤ በአሰብ ፀሐይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ብረት አይነካም፣ መፍቻው ራሱ መዳፍ ይጠብሳል። ቀዮን በክሪክ አነሣት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው፤ ውስጡ ያለው የብረት እንክብሎች ቀለበት፣ ኩሽኔታው፣ ቋ ቋ አለ። ከዚያ ጎማውን አሽከረከረና «ጆሮሽን አምጪ» አለኝ። «ኩሽኔታ በዓይን አይመረመርም። በጆሮ ነው።» ሰማሁት። ቡና ሲወቀጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ፈታትቶ ሲያወጣው ግራሶው ጭቃ ሆኗል፤ ጭቃውን ሲጠርገው ብረቶቹ ፈንጣጣ እንደ ወጣበት ፊት ተቦርቡረዋል። «አየሽ? ይህን የበላው አሸዋ ነው» አለኝ። «የዚህ አገር ነፋስ የማይገባበት የለም። አሸዋ የኩሽኔታ ጠላት ነው።» ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም። ግን ጆሮ የሰማውን ሁሉ እጅ መቼ ያስታውሳል?

ኩሽኔታ በአሰብ እንደ ሽንኩርት በየሱቁ አይገኝም። አባባ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ውሎ፣ ጋሽ ሰይድ ከአሮጌ ተሳቢ ላይ አስፈትተው ከሱቃቸው ኋላ የጣሏቸው ሁለት ኩሽኔታዎች ተገኙ። ልካቸው ከቀዮ ጋር አንድ ሆነ። ጋሽ ሰይድ «የአገሬ ልጅ፣ ጎመኑ ሲደርስ እኔንም አትርሳኝ» ብለው ሰጡት። አሮጌ ግራሷቸው እንደ ሬንጅ ደርቆባቸዋል እንጂ ውስጣቸው ጤነኛ ነው አለ አባባ። ቅዳሜ ጠዋት ቀዮ ስለቆመች ውሃውን በኪራይ አህያ ሊያመላልስ ሲወጣ፣ ለእማዬ «እነዚህን በላምባ ዘፍዝፈሽ እጠቢልኝ፤ ከሰዓት በኋላ እገጥማቸዋለሁ» ብሏት ሄደ።

እማዬ በሁለት ጣቷ አንሥታ አሸተተቻቸው። «አልማዝ!» አለች። «ነይ ያባትሽን ጉድ እጠቢ።»

ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ላምባ ከአንድ ስኒ አይበልጥም ነበር። በእሱ ብነክራቸው ጥቁሩ ለቀቀ፤ ግን በብረቶቹ መካከል ቡናማ ነገር ቀረ። ይሄ መታጠብ ነው? አልኩ ለራሴ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አሸዋዬን ዘገንኩ፣ አመዴን ጨመርኩ፣ በጆንያ ቁራጭ ይዤ ፈተግኳቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ጓደኞቼ በበሩ እየጠሩኝ፣ አልሄድም ብዬ። ስጨርስ እንደ ብር አበሩ። በውሃ አለቀለቅኳቸው፣ በጨርቅ አደረቅኳቸው፣ ሰፌድ ላይ አስቀምጬ አባባን ጠበቅኩ። በሕይወቴ ዕቃ አጥቤ የኮራሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባባ መጣ። ሰፌዱን አቀረብኩለት። መጀመሪያ ፊቱ ፈካ፤ እውነት ነው፣ ፈክቶ ነበር። ከዚያ አንዱን አነሣና በጣቱ አሽከርክሮ ወደ ጆሮው አስጠጋው። ክርርር አለ። አሽከርክሮ ደገመው። ዘቅዝቆ መዳፉ ላይ መታ መታ ሲያደርገው ደቃቅ አሸዋ ፈሰሰ። ሁለተኛውንም እንደዚያው አደረገ። እጁ እንደ ተዘረጋ ቀረ።

«ማነው ያጠባቸው?»

አስተማሪዬ በየወሩ «ይህች ልጅ አፏን አትዘጋም» እያለ የሚከሰኝ እኔ፣ ሰፌዱን እንደያዝኩ ድርቅ አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለች እማዬ ከኋላዬ።

አባባ ወደ እሷ ዞረ። ሲናገር ድምፁ ከፍ አላለም። ቢጮህ ይሻል ነበር።

«የሺ፣ ደሴ ይህን ያህል ናፍቆሻል?»

እማዬ ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ሳበችና ወደ ጓዳ ገባች። አባባ ላምባ ከጎረቤት ለምኖ ኩሽኔታዎቹን እያጠበ፣ በብስክሌት መንፊያ እየነፋ እስኪመሽ ታገለ። አሸዋው ወጣ፤ የጫረው ጭረት ግን የት ይሄዳል? ገጥሞ ሲሞክራት ቀዮ ከበፊቱ ብሳ ጮኸች፣ ጎማውም እየያዘ ቆመ። ሁለቱም እራት አልበሉም። እኔ በላሁ፤ ከፍርሃት የተነሣ ይሁን ከርሃብ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እሑድ እማዬ ለብቻዋ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። አባባ ወደ ባሕሩ ወረደ። ተከተልኩት። የብረታ ብረቱ ጀልባ ዳር ላይ ቆሞ ቱቦ፣ የተቆራረጠ መኪና፣ የአልጋ ብረት ይጫንበታል። አባባ አንድ የተገለበጠ ትንሽ ጀልባ ላይ ተቀምጦ የሚጫነውን ይቆጥር ይመስል ያያል። ከአጠገቡ አቡ ሳሊም ነበሩ። ሳምቡክ የሚባለውን የሸራ ጀልባ የሚሠሩ አናጢ ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ወገባቸው ላይ ሽርጥ፣ ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ የእርሳስ ስባሪ። ለመርከብ ገመድ የሚሆን የእንጨት መዘውር እየጠረቡ ነበር።

ፊቱ ቆምኩና በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። «አባባ፣ እማዬ አይደለችም። እኔ ነኝ። በአሸዋ ፈተግኳቸው።»

«በአሸዋ?»

«በአሸዋና በአመድ። እንዲያበሩ ብዬ።»

አቡ ሳሊም መጥረቢያቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «ወላሂ! ኩሽኔታውን እንደ ድስት! ይህችን የሚያገባት ሰው ታድሏል፣ መኪና ከሌለው።»

አባባ አልሳቀም። «እናትሽ ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አለች?»

«እኔ ምን አውቄ? አንተስ ለምን እንደዚያ አልካት?»

እንዲህ ያለ ነገር ያኔ ለአባት አይነገርም። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጥፊውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ዓይኔን ስገልጥ አባባ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዟል። አቡ ሳሊምም ሳቃቸውን አቁመዋል። ወደ አባባ ዞረው ጠየቁት።

«ትራክተርህ ምን ያህል ትሮጣለች?»

«ከአህያ አትቀድምም።»

«ከኋላ ነው የምትገፋው ወይስ ከፊት?»

«ከኋላ። የፊቶቹ እንዲያው ይከተላሉ፣ መሪ ብቻ ናቸው።»

«እንግዲያው ከፊት ያለው ጋሪ ነው በለኛ። የጋሪ ጎማ ኩሽኔታ የት ያውቃል?» የሚጠርቡትን መዘውር አነሡና አሳዩት። «ይህ እንጨት ከህንድ ነው የሚመጣው። ከብረት ይከብዳል። በዘይት ቀቅለን መሐሉን እንበሳዋለን፣ በእሱ ላይ ሙሉ ሸራ እንሰቅላለን፤ ስንት ዓመት ይዞራል። ጎማህን አምጣልኝ።»

አባባ ቀና አለ። ወዲያው ፊቱ ወደቀ። «ዛሬ እሑድ ነው፣ አቡ ሳሊም። እሑድ ብረት አልነካም።»

«አንተ አትንካ። የኔ ዓርብ አልፏል። አንተ በአፍህ ንገረኝ፣ እኔ በእጄ እሠራለሁ።»

እንደዚያም ሆነ። አቡ ሳሊም ቀዮ የቆመችበት ድረስ መጡ። አባባ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ «ወደ ግራ ይፍቱት… ቀስ… አሁን ይሳቡት» ይላል። ሽማግሌው የጎማውን ወገብና የመሐል ብረቱን በሲባጎ ለክተው፣ ቋጠሮ ቋጥረው ያዙ። እኔ ቋጠሮውን እንዳልነካ በጥብቅ ተነገረኝ። ዳር ላይ ተመልሰን፣ ልጃቸው ያን ከባድ እንጨት በቀስት ገመድ እያዞረላቸው ሁለት ወፍራም ቀለበት አወጡ። ከዚያ ከዓሣ ጉበት የሚቀልጠውን፣ ሳምቡኮቹን የሚቀቡበትን ዘይት በቆርቆሮ አፍልተው ቀለበቶቹን ከተቱበት። ሽታውን አልገልጸውም። አሰብ የኖረ ያውቀዋል፤ ያልኖረ አያምነኝም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ቀለበቶቹ ገቡ፤ ዘይት የሚንቆረቆርባት ትንሽ ቀዳዳም ተበጀላቸው። አቡ ሳሊም ጎማውን አንሥተው መግጠም ሲያቅታቸው አባባ «በቃ፣ ከዚህ በላይስ እግዜርም ቆሞ አያይም» ብሎ ያዘው። ጎማውን ወዘወዘ። ቋ የለም። አሽከረከረ፤ ጆሮውን ሰጠ። ወደ እኔ ዞሮ በአገጩ ጠራኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምንም አልሰማሁም።

ሰኞ ጠዋት ቀዮ ያለ ጩኸት ወጣች። ዝም ብላ መጣች ማለት ግን ሳትታወቅ መጣች ማለት አይደለም። የሰፈሩ ድመት በሙሉ ከኋላዋ ተሰልፏል! በአሰብ ያን ያህል ድመት መኖሩን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ሹሙ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወጡ። «ምን ሞቶ ነው?» አሉ። አባባ «ምንም አልሞተም ጌታዬ፣ ኩሽኔታው ነው» አላቸው። ግቢውን ሁለት ጊዜ ስትዞር ቆመው አዩና፣ «ትቆይ። ግን በእኔ መስኮት በኩል እንዳትመጣ» ብለው ገቡ። በቃ። ደብዳቤውም አልተጻፈ።

ከዚያ አባባ ወደ ሰፈራችን መጣ። ሴቶቹ ተሰልፈዋል፣ እማዬም ባልዲዋን ይዛ መሐላቸው ቆማለች። ከእሱ ጋር ከቅዳሜ ጀምሮ ከ«ብላ» እና «እሺ» ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም። አባባ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። በዚያ ዘመን ባል ሚስቱን ይቅርታ የሚጠይቀው፣ ከጠየቀም፣ በር ዘግቶ ነው። እሱ ግን በዚያ ሁሉ ሴት ፊት «የሺ፣ ቅዳሜ የተናገርኩሽ የባለጌ ንግግር ነው» አላት። የአንዷ ባልዲ ከእጇ ወደቀ።

እማዬ መሬት መሬት እያየች «ውሃውን ቅዳ፣ ሰው ቆሟል» አለችው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ ብቻ እስክሰማው ድረስ፣ «ደሴ እንሂድ ካልሽ እኮ እንሄዳለን» አለ። እማዬ ድመቶቹን አየች፣ እሱን አየች፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን ያዘች። «አሁን? በዚህ ሽታ ማን መኪናው ላይ ያሳፍርሃል?» አለችና ሳቀች። ሳቋ ሴቶቹን ሁሉ ያዛቸው።

ቀዮ በእንጨት ቀለበቶቿ ከሁለት ዓመት በላይ ሠራች። ያሁኑ ኑሮ ሌላ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ዛሬ የምሠራው ደሴ ነው፤ እማዬ የተመኘችው ጉም በየጠዋቱ መስኮቴ ላይ ይቆማል። ውሃው በቧንቧ ይመጣል፤ ማን እንዳመጣው አላውቅም፣ የሚሰለፍም የለም፣ የሚስቅም የለም። ባለፈው ሰሞን በመሥሪያ ቤታችን አንድ ደብዳቤ ጠፋ። አለቃችን «ማነው?» ሲሉ አምስታችንም ጣሪያውን አየን። ከአምስታችን አንዷ እኔ ነበርኩ። ሌላውን ልውቀስ ብዬ አይደለም የምጽፈው።

በዚያው ሰሞን ለዕረፍት አሰብ ወረድኩ። አባባ ጡረታው ስለ ደረሰ ደሴ ቤት እንሥራ እያለ ይለምናታል፤ እማዬ ደግሞ «አንተ ሂድ፣ እኔ ብርድ አልችልም» ትላለች። አንድ ቀን ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ለዓመታት በልቤ የያዝኩትን ጠየቅኳት። ያን ቀን ለምን እኔ ነኝ አልሽ?

«አንቺ ብትዪ ይመታሽ ነበር» አለችኝ። «እኔን ግን አይመታኝም ብዬ ነው። ቃሉ ከዱላ እንደሚብስ መቼ አውቄ!»

እየሳቀች ነው ያለችው። አባባ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ አላየነውም። ወደ ውስጥ ተመለሰና ከማሰሮው ቀዝቃዛ ውሃ ቀድቶ አመጣላት። ውሃ አልጠየቀችውም ነበር። ቀና ብላ አየችው፣ በሁለት እጇ ተቀበለችው፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።